«ለአማርኛ አንድን ይጫኑ»፦ የስልክ መልስ ሰጪ ድምፅን ከቤት ሆኖ መሥራት

ባንክ ወይም ሆስፒታል ሲደውሉ ከሠራተኛ በፊት የሚያነጋግርዎት የተቀረጸ ድምፅ አለ። ሰላምታ ይሰጣል፣ ቋንቋ ያስመርጣል፣ ወረፋ ያስጠብቃል፣ ቀሪ ሂሳብ ይነግራል። የሙያው ሰዎች «አይቪአር» ይሉታል። ይህን ድምፅ ለመቅረጽ ትልቅ ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ ጸጥ ያለ ጥግ፣ ደህና ማይክና ላፕቶፕ ያለው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሊሠራው ይችላል። ሥራው የባንክና የሆስፒታል ብቻም አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተባለው የገበሬዎች መስመር የእርሻ ምክሩን የሚሰጠው በተቀረጸ ድምፅ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ማሳው ዳር ቆሞ አንድ የማያውቀው ሰው ሲያነብለት ይሰማል። ሥራውን ስወደው ሁልጊዜ የማስበው ይህን ሰሚ ነው።

ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ድምፄ ያምራል ወይ?» ብለው ነው። ለማስታወቂያና ለትረካ ጥያቄው ቦታ አለው። ለስልክ ግን ከውበት የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ ደዋይ በአንድ ጊዜ እንዲገባው አድርጎ መናገር ነው። ሁለተኛው ዛሬ የቀረጹትን ድምፅ ከዓመት በኋላ ሳያዛንፉ መድገም መቻል ነው። የስልክ መስመር አንዴ ተቀርጾ አያልቅም፤ አዲስ አገልግሎት ይጨመራል፣ የበዓል ሰዓት ይለወጣል፣ ቅርንጫፍ ይዘጋል። አዲሱ ዐረፍተ ነገር አምና በተቀረጹት መካከል ይገባል፤ ልዩነቱ ከተሰማ ደዋዩ ሌላ መስመር የገባ ይመስለዋል። ከክፍሉ አመራረጥ እስከ ውሉ ድረስ ከዚህ በታች የምልዎት ሁሉ ለእነዚህ ለሁለቱ ሲባል ነው።

በመጀመሪያ ስልኩ ድምፅዎን ምን እንደሚያደርገው ይስሙ

መደበኛው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ጂ.711 የተባለ መስፈርት ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ ያስተላልፋል። አዳዲስ የሞባይል ኔትወርኮች ከዚህ ሰፋ ያለ ድምፅ ቢያሳልፉም፣ ብዙ የመልስ ሰጪ ሲስተሞች ፋይላቸውን የሚያስቀምጡት አሁንም በዚሁ ልክ ነው። ስለዚህ የወፍራም ድምፅ ግርማ ከታች ተቆርጦ ይቀራል፤ የ«ሰ» ፉጨትም ከላይ ይቆረጣል። በስልክ «ሰ» እና «ፈ» የሚምታቱት፣ ስም ስናስጽፍም «ፈ፣ እንደ ፈረስ» እያልን የምናስረዳው ለዚህ ነው።

ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላፕቶፕዎ ላይ ይጫኑ። ባለው ማይክ፣ የሞባይልዎም ቢሆን፣ አንድ ደቂቃ ያህል የስልክ ቁጥሮችንና የሰው ስሞችን እያቀላቀሉ ያንብቡ። ከዚያ በሃይ-ፓስ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን፣ በሎው-ፓስ ከ3,400 በላይ ያለውን ይቁረጡና ፋይሉን በ8,000 ኸርዝ ያውጡት። የወጣውን ለአንድ ወዳጅዎ ልከው የሰማውን በወረቀት እንዲጽፍልዎ ያድርጉ። ተሳስቶ የጻፋቸው ቃላት ልምምድ የሚፈልጉትን ቦታ በትክክል ያሳዩዎታል።

አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ የሚገኘው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ትንፋሻችን የሚያልቀውም እዚያው ነው። «የጠፋ ካርድ ለማሳወቅ አምስትን ይጫኑ» የሚለውን ያንብቡና ራስዎን ያዳምጡ። ደዋዩ ጆሮውን ሰጥቶ የሚጠብቀው «አምስትን» የሚለውን ቃል ነው፤ እርስዎ ግን በሰለለ ትንፋሽ ውጠውታል። መፍትሔው መጮህ አይደለም። ከ«ለማሳወቅ» በኋላ ጥቂት ያርፉ፣ ትንሽ አየር ይሳቡ፣ «አምስትን» ብለው አምስቱንም ፊደል ከነ«ን»ው ሙሉ አድርገው ይጥሩት፤ «ይጫኑ»ን ሳያንጠለጥሉ ይዝጉት። ይህን ዐረፍተ ነገር በሚገባ ማንበብ የቻለ ሰው የሥራውን እኩሌታ ይዞታል።

ክፍሉን ያዘጋጁ

ሰዎች የሚቀላቅሏቸው ሁለት ጣጣዎች አሉ። አንዱ ከውጭ የሚገባ ጫጫታ፣ ሌላው የክፍሉ ማስተጋባት ነው። ብርድ ልብስ ማስተጋባትን ያጠፋል፤ የጎረቤትን ውሻ ግን ዝም አያሰኝም። ማስተጋባትን በጨርቅ፣ ጫጫታን በሰዓት ነው የሚያሸንፉት።

ለማስተጋባት ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍተው ፊትዎን ወደ ልብሱ አዙረው ይቁሙ፤ ማይኩ በእርስዎና በልብሱ መካከል ይሁን። ብዙዎች የሚረሱት ጀርባቸውን ነው። ማይኩ የሚያየው እርስዎን ስለሆነ ከኋላዎ ካለው ግድግዳ የሚመለሰውን ድምፅም ይይዛል፤ ስለዚህ ከጀርባዎ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይስቀሉ፣ ካልሆነ ፍራሽ ያቁሙ። ከእግርዎ በታች ምንጣፍ ይኑር። የኮንዶሚኒየም ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል በተለይ ይህን ይፈልጋል።

ለጫጫታው የሰፈርዎን ጠባይ ለአንድ ሳምንት ያህል በማስታወሻ ይያዙ። ቅዳሴውና አዛኑ መቼ ነው፣ ቆራሌው በስንት ሰዓት ያልፋል፣ ብየዳ ቤቱ መቼ ይከፍታል፣ ውሾቹ ስንት ሰዓት ላይ ዝም ይላሉ? አዲስ አበባ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው በክረምት ከሰዓት በኋላ ቀረጻ ባይይዝ ይሻለዋል፤ ዝናቡ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ፍሪጁን ነቅለው፣ ሞባይልዎን ከክፍሉ አውጥተው፣ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ዝምታን ብቻ ይቅረጹ። መለኪያው ከ -60 ዴሲቤል ወርዶ ከታየ ክፍሉ ለሥራ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩን ይፈልጉ እንጂ በኋላ በፕሮግራም አጸዳዋለሁ አይበሉ። ጫጫታ ማጥፊያው ከልክ ሲያልፍ ድምፁን ውኃ ውስጥ የተነገረ ያስመስለዋል፤ በስልክ ደግሞ ይብስበታል።

የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ያመልክቱ። ከአፍዎ እስከ ማይኩ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ይሁን፤ በየቀረጻው መጀመሪያ በእጅዎ ይለኩት። ማይኩ ከአፍዎ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጉንጭዎ ጥቂት ፈንጠር ይበል። «ፈ» እና «ፐ» ነፋስ ስለሚለቁ ማይኩን በቀጥታ ከመቱት «ቡፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ነፋስ አይለቁም፤ ስለታም ጠቅታ ግን አላቸውና የድምፁን መጠን ሲያስተካክሉ ከፍ ብለው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ጫፋቸው ከ -6 እና -3 ዴሲቤል መካከል እንዲያርፍ አድርገው የድምፅ መጠኑን ቁልፍ ያስተካክሉና የቆመበትን ቁጥር በደብተር ይጻፉ። ርቀቱን፣ የማይኩን ከፍታ፣ የቀረጹበትን ሰዓት ሁሉ ይጻፉ። ከወራት በኋላ ያንኑ ድምፅ የሚመልስልዎ ይህ ደብተር ነው።

ዕቃ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው በዕቃ ስለሆነ። ቤትዎ ጸጥ ያለ ከሆነ እንደ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 ያለ ኮንደንሰር ማይክና እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ያለ ሳውንድ ካርድ ይበቃዎታል። ቤትዎ ጫጫታ ካለው እንደ ሳምሰን ኪው2ዩ ያለ ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል፤ ሩቅ ያለውን ድምፅ ያን ያህል አይሰበስብም፣ በዩኤስቢም በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። ጆሮን የሚሸፍን ዝግ ሄድፎንና ፖፕ ፊልተር ይጨምሩ። ላፕቶፕዎን በባትሪ ብቻ እያሠሩ መቅረጽ ይልመዱ፤ መብራት ቢሄድ ሥራው አይቋረጥም፣ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው የ50 ኸርዝ እምምታም ይቀራል። ውድ ማይክ ያመጣው ልዩነት አብዛኛው ስልኩ በሚቆርጠው ክልል ውስጥ ይቀራል፤ ለዚህ ሥራ ሲባል ብድር ውስጥ አይግቡ።

ስክሪፕቱን ሳያሰናዱ አይቅረጹ

ዋናው ሙያ ያለው እዚህ ነው። ከድርጅቱ የሚላክልዎ ስክሪፕት ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው፤ በጆሮ እንዲሰማ ታስቦም አልተጻፈም። ቁጭ ብለው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ የሚያደናቅፍዎትን ሁሉ ያስምሩበት፤ የማሻሻያ ሐሳብዎን በጽሑፍ ልከው ሲፈቀድልዎ ብቻ ይለውጡ። ሳያስፈቅዱ ቃል መለወጥ ክልክል ነው፤ የባንክ ወይም የሕክምና ቃል ከሆነ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

መጀመሪያ የምርጫውን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። «1ን ይጫኑ ለአዲስ ሂሳብ» የሚል ከመጣልዎ «አዲስ ሂሳብ ለመክፈት አንድን ይጫኑ» እንዲሆን ይጠይቁ። ደዋዩ ጉዳዩን እስኪሰማ ድረስ የሰማውን ቁጥር ይረሳዋል። አባባሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንድ ቦታ «ሁለትን ይጫኑ»፣ ሌላ ቦታ «ቁጥር ሦስትን ይምረጡ» ከሆነ ሰሚው ልዩነት ያለ ይመስለዋል። «#» የምትለውን ምልክት «መሰላል» ይሁን «ሃሽ» የሚሏት፣ አንዱን ከድርጅቱ ጋር ተስማምተው ይዝለቁበት።

ቀጥሎ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ይለዩ። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ አንባቢው በስሜት ይሞላዋል። ቀረጻ ላይ ግን በስሜት መሙላት ያሳስታል። «ቢሮው አገልግሎት ይሰጣል» ሲባል «ሰ»ም «ጣ»ም ይላላሉ። «አገልግሎቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሰጣል» ሲባል ግን ሁለቱም ይጠብቃሉ። አጻጻፉ አንድ ነው። «ድምፅዎ አይሰማም» ውስጥ «ሰ» ካልጠበቀ ድምፁ ራሱ ጆሮ ያለው ፍጡር ይመስል «አይሰማም» ያሉ ይመስላል። ስለዚህ በእርሳስ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ያድርጉ፤ የሚያርፉበትን በአንድ ሰረዝ፣ ትንፋሽ የሚወስዱበትን በሁለት ሰረዝ ያመልክቱ። የሰውና የቦታ ስም ካለ እንዴት እንደሚጠራ ድርጅቱን በድምፅ መልእክት እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ በግምት አይጥሩት።

በኮምፒውተር የሚፈጠር ድምፅ ይህን ሥራ ይወስደዋል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ስጋቱ መሠረት አለው። የማይክሮሶፍት አዙር አገልግሎት «መቅደስ» እና «አመሃ» የተባሉ የአማርኛ ድምፆች ካወጣ ቆይቷል። ነገር ግን መጥበቅና መላላቱ ከጽሑፉ ላይ ስለሌለ ማሽኑም እንደኛው ከዐውዱ መገመት አለበት። ቋንቋውን በአፉ የሚያውቅ ሰው ዋጋ የሚያወጣው በትክክል እዚህ ቦታ ነው፤ ለደንበኛዎም ሊያስረዱት የሚገባው ይህንኑ ነው።

ቁጥሮች

ቀሪ ሂሳብ የሚናገር መስመር እያንዳንዱን መጠን አስቀድሞ ቀርጾ አያስቀምጥም። ሲስተሙ ቁርጥራጭ ቃላትን እየገጣጠመ ነው የሚናገረው። የግጥሚያው ሎጂክ ብዙ ጊዜ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ስለሆነ ለአማርኛ ምን ምን መቀረጽ እንዳለበት ፕሮግራመሩም ላያውቅ ይችላል። እርስዎ ይንገሩት።

«አሥር» ብቻውን ሲቆም «አሥር» ነው፤ ከአንድ ጋር ሲሆን «አሥራ አንድ» ይሆናል። ስለዚህ «አሥር»ን ቀርጸው ከ«አንድ» ጋር ቢያገጣጥሙት «አሥር አንድ» ይወጣል። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ያሉትን እያንዳንዳቸውን ሙሉውን ይቅረጹ። ሃያን፣ ሠላሳን፣ እስከ ዘጠና ያሉትን፣ መቶን፣ ሺህንና ሚሊዮንን ለየብቻ ይያዙ።

ከዚያ ሳንቲሙ አለ። በአፋችን «ሁለት መቶ ብር ከሃምሳ ሳንቲም» ነው የምንለው። «ከ» ብቻዋን ተቀርጻ ከ«ሃምሳ» ጋር ስትገጠም ተሰብራ ትሰማለች፤ አብረው በአንድ ትንፋሽ መባል ያለባቸው ናቸው። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው «ከአንድ» ብሎ ጀምሮ እስከ «ከዘጠና ዘጠኝ» ያሉትን ሙሉ መቅረጽ ነው፤ ድካም ነው፣ ግን የሚሰማው ሰው የሚናገረው አማርኛ ነው። ሁለተኛው «ሁለት መቶ ብር፣ እና፣ ሃምሳ ሳንቲም» ማለት ነው፤ ቀላል ነው፣ ትንሽ ግን ይደርቃል። እኔ በጀቱ ከፈቀደ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን አስመርጣለሁ። ስለ ገንዘቡ የሚጨነቅ ሰው የገንዘቡን ልክ በለመደው አባባል ሊሰማ ይገባዋል።

እያንዳንዱን ቁጥር በሁለት ዜማ ይቅረጹት፦ አንዱ የሚቀጥል ነገር እንዳለ የሚያሳውቅ፣ ድምፁ ያልወረደ፤ ሌላው የሚዘጋ፣ ድምፁ የወረደ። «ሦስት» በ«ሦስት መቶ» ውስጥና በ«ሃያ ሦስት» መጨረሻ ላይ አንድ አይደለም። አንድ ፋይል ብቻ ከተሰጠው ሲስተሙ በየቃሉ ነጥብ የሚያደርግ ይመስላል፤ ብዙ መስመሮች ላይ የምንሰማው መሰባበር ምንጩ ይህ ነው። የምስጢር ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ አንድ በአንድ ይነበባል። አራት አኃዝ ያለው አጭር ቁጥር ግን በጥንድ ቢነበብ፣ 8028ን «ሰማንያ፣ ሃያ ስምንት» እንደማለት፣ ሰሚው ቶሎ ይይዘዋል።

ሰዓት ሲመጣ ይጠንቀቁ። ስክሪፕቱ «ከ8:30 እስከ 5:30» ቢል በውጭ አቆጣጠር የተጻፈ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል» ነው። ዋሽንግተን ላለ ክሊኒክ የሚቀርጹ ከሆነ ግን ደዋዮቹ ሁለቱንም አቆጣጠር ስለሚጠቀሙ የትኛው እንደሆነ ድርጅቱን ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። በአንድ ቃል ምክንያት ቀጠሮው ያለፈበት በሽተኛ ወቀሳው ለእርስዎ ባይደርስም ጉዳቱ እውነት ነው። ቀን ከሆነም እንደዚሁ፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ጳጉሜን ጨምሮ አሥራ ሦስቱንም ወሮች ይቅረጹ።

ቀረጻው

ከመጀመርዎ በፊት ለብ ያለ ውኃ ይጠጡ፤ ወተትና ቅባት የበዛበት ምግብ ምራቅ ያወፍራልና ይተዉት። ቆመው ያንብቡ። ከዚህ በፊት ለዚሁ ደንበኛ የቀረጹት ካለ ሁለት ሦስቱን ያዳምጡ፤ ፍጥነቱንና ከፍታውን በጆሮዎ ይያዙ። ከዚያ አንድ ሰው በዓይነ ሕሊናዎ ይምረጡ። ለእኔ የሚጠቅመኝ ታክሲ ውስጥ ስልኳን በትከሻዋ ይዛ፣ በእጇ ልጅ የያዘች እናት ናት። ለእሷ የሚነገር ነገር አይፈጥንም፣ አይጨማለቅምም።

ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ያህል ይቅረጹ፤ ምርጫዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ። ሲሳሳቱ ቀረጻውን አያቁሙ፤ አንዴ አጨብጭበው ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገሙ። ጭብጨባው በፕሮግራሙ የድምፅ ማዕበል ላይ እንደ ችካል ቆሞ ስለሚታይ በእርማት ጊዜ ስህተቱን መፈለግ አይኖርብዎትም። ድምፅ ሳይደክም ያቁሙ። የደከመ ድምፅ ዛሬ ባይታወቅዎትም ነገ ከጠዋቱ ጋር ሲያስተያዩት ይታወቅዎታል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልጉት የስህተት መልእክቶች ናቸው። «ያስገቡት ቁጥር ትክክል አይደለም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚለውን ደዋዩ የሚሰማው ተበሳጭቶ ሳለ ነው፤ ምናልባትም ለሦስተኛ ጊዜ። በፈገግታ ካነበቡት የተቀለደበት ይመስለዋል፤ በቁጣ ካነበቡት የተወቀሰ ይመስለዋል። «ትክክል አይደለም» የሚለውን ፈጠን አድርገው ይለፉትና ክብደቱን «እንደገና ይሞክሩ» ላይ ያድርጉት። የማቆያ መልእክቱም እንዲሁ፤ «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» የሚለው ከተደጋገመ ያሰለቻልና ከተፈቀደልዎ «በመስመር ላይ ስለቆዩ እናመሰግናለን» የሚለውን አጭሩን ያስመርጡ። አክብሮቱ በሙሉው አንድ ዓይነት ይሁን፤ «ይጫኑ» ብሎ ጀምሮ «ጠብቅ» ላይ የሚወድቅ ስክሪፕት አጋጥሞኝ ያውቃል።

እርማትና ርክክብ

ዋናውን ቀረጻ በ48,000 ኸርዝና በ24 ቢት፣ በሞኖ ዌቭ ያስቀምጡ፤ ለደንበኛው የሚሄደው ከዚህ የሚወጣ ቅጂ ነው። በየትኛው ፎርማት እንደሚፈልግ ሥራው ሳይጀመር ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ 8,000 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ዌቭ ነው፤ አንዳንዱ የጂ.711ን ቅጂ ይፈልጋል። ይህ ከሆነ ለአሜሪካ ሚው-ሎው፣ ለኢትዮጵያና ለአውሮፓ ኤ-ሎው መሆኑን ያስታውሱ፤ ከተቀያየረ ድምፁ ይሻክራል። ከእያንዳንዱ ፋይል መጀመሪያና መጨረሻ ረጅሙን ዝምታ ይቁረጡ፤ በተለይ የቁጥሮቹን፣ አለዚያ ሲገጣጠሙ ይጎተታሉ። የሁሉም ከፍታ እኩል ይሁን።

የፋይሎቹን ስም በግዕዝ ፊደል አያድርጉ፤ አብዛኛው ሲስተም አይቀበለውም። ደንበኛው የሰጠዎትን ኮድ ይጠቀሙ፤ ካልሰጠዎት 0101፣ 0102 እያሉ ይቁጠሩና ከዐረፍተ ነገሮቹ ጋር በኤክሴል ሰንጠረዥ ይላኩ። ዋናውን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ።

ናሙናና ደንበኛ

ለናሙና ከአንድ ደቂቃ አይበልጡ። ለሌለ ድርጅት ስክሪፕት ይጻፉ፤ የእውነተኛ ባንክ ስም መጠቀም ያልሠሩትን እንደሠሩ ያስመስላል። ሰላምታ፣ አራት ምርጫ፣ አንድ የስህተት መልእክት፣ አንድ የማቆያ መልእክት፣ አንድ የገንዘብ መጠን ይኑርበት። ከጎኑ በስልክ ጥራት የወጣውን ቅጂ ያያይዙ፤ ደንበኛው በመጨረሻ የሚሰማው ያንን ስለሆነ ይህን ያደረገ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ወዲያው ይታያል።

አገር ውስጥ ሥራው ያለው በድርጅቶቹ ዘንድ ብቻ ሳይሆን የጥሪ ማዕከል በሚዘረጉላቸው የሶፍትዌር ሰዎች እጅም ነው። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ስፔንሰር በጀመረው አስተሪስክ በተባለ ነፃ ሲስተም ይሠራሉ። ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ የአሊሰን ስሚዝ ነው፤ ካናዳ የምትኖር ባለሙያ ናት፣ ድምፅዋም በዚሁ ምክንያት በብዙ አገር መሥሪያ ቤቶች ይሰማል። አማርኛው ግን በየቦታው እንደ አዲስ መቀረጽ አለበት። ወደ አንድ ድርጅት ከመሄድዎ በፊት መስመሩ ላይ ደውለው እስከ መጨረሻ ያዳምጡ፤ የማይሰማውን ወይም የተሰበረውን አንድ ዐረፍተ ነገር መርጠው እርስዎ ቀርጸው በትሕትና ይላኩላቸው። ከረጅም የሥራ ማስረጃ ይህ ይበልጣል።

ከአገር ውጭ ደግሞ የትርጉም ድርጅቶች አሉ። የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያዛል፤ አማርኛም ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በእስራኤልም አማርኛ የሚመረጥባቸው የሕዝብ አገልግሎት መስመሮች አሉ። ቮይስስ ዶት ኮም፣ ቮይስ123 እና ፋይቨር ላይም መመዝገብ ይቻላል፤ ብቻ ክፍያው ወደሚኖሩበት አገር በምን መንገድ እንደሚገባ ሥራውን ሳይቀበሉ ያጣሩ።

ዋጋና ውል

ሦስት ዓይነት አከፋፈል አለ፦ በዐረፍተ ነገር፣ በቃል ብዛት፣ ወይም በጠቅላላ ሥራ። የትኛውም ይሁን ዝቅተኛ ክፍያ ይኑርዎት፤ ለሁለት ዐረፍተ ነገርም ቢሆን ክፍሉን ማሰናዳቱ፣ መቅረጹና ማረሙ ያው ነው። ግሎባል ቮይስ አክቲንግ አካዳሚ የሚያወጣው የዋጋ መመሪያ የሰሜን አሜሪካን ገበያ ያሳያል፤ ለአገር ውስጥ በቀጥታ ባይሠራም ለውጭ ደንበኛ ራስዎን አሳንሰው እንዳይሸጡ ይረዳዎታል። የእርስዎ የንባብ ስህተት በነፃ ይታረማል፤ ስክሪፕቱ ከተለወጠ ግን በክፍያ ነው። ይህ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ግን ድምፁ ለምን እንደሚውል ይጻፍ። ካናዳዊቷ ቤቭ ስታንዲንግ ለትርጉም ሥራ ብላ የቀረጸችው ድምፅ ቲክቶክ ላይ በኮምፒውተር የሚናገር ድምፅ ሆኖ ስለሰማችው እ.ኤ.አ. በ2021 ከሳ፣ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተጠናቋል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን በውል ያስተላለፉትን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ እንዲህ የሚል አንቀጽ ያስገቡ፦ «ቀረጻው ለዚህ ድርጅት የስልክ መስመር ብቻ ይውላል፤ ከባለድምፁ የተለየ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር የኮምፒውተር ድምፅ ለመፍጠር ወይም ለማሠልጠን አይውልም፤ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም።» ይህን አንቀጽ አልፈርምም የሚል ደንበኛ ምን እንዳሰበ ነግሮዎታል፤ ይለፉት።

ግማሹን ክፍያ አስቀድመው ይቀበሉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ፤ ያለሱ የሚሠሩ ከሆነ ከፋዩ ድርጅት ከክፍያዎ ላይ ከፍ ያለ ግብር ቀንሶ ይይዛል፣ ብዙ ድርጅቶችም ከነጭራሹ አይከፍሉም።

በመጨረሻም የተጨማሪ ቀረጻ ዋጋ በመጀመሪያው ውል ላይ ይግባ፤ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያደርሱም ይጻፍ። ድርጅቱ ለፋሲካ የሥራ ሰዓት አንድ ዐረፍተ ነገር ሲልክልዎ ደብተሩን ያውጡ፤ ርቀቱን በስንዝር ይለኩ፣ ቁልፉን ወደነበረበት ቁጥር ይመልሱ፣ የአምናውን ፋይል ያዳምጡ፣ ይቅረጹ። አዲሱን ከቀድሞዎቹ ሁለት መካከል አስገብተው በስልክ ጥራት አውጥተው ለቤተሰብ ያሰሙ። የትኛው አዲስ እንደሆነ መለየት ከቻሉ እንደገና ይቅረጹ፤ ካልቻሉ ፋይሉን ከደረሰኙ ጋር ይላኩ።